ያጎረስኳት ኤሊ

የባሕር እንስሳት በሚታዩበት በዳላስ አኩዋሪየም የመጀመሪያ ቀኔን ያሳለፍኩት ጨው ሳማስል ነው። ባሕሩ ሩቅ ስለሆነ የገንዳዎቹን ባሕር የምንሠራው ራሳችን ነበርን፤ የቧንቧ ውኃ፣ በከረጢት የሚመጣ ጨው፣ ትልቅ ማማሰያና የጨው መለኪያ ይዘን። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ ዕድሜዬም ሃያ ሦስት።

ሥራውን ያገኙልኝ የፓምፕ ጠጋኙ ጋሽ ኃይሉ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከምንኖርበት ከጋርላንድ በመኪናቸው ይዘውኝ ይመጡ ነበር። ለአለቃችን ለካረን "የደሴት ልጅ ናት" ብለው አሞግሰውኛል። ካረን መለኪያውን እያቀበለችኝ፣

"አንቺማ በጣዕሙ ሳታውቂው አትቀሪም" አለችኝ።

"ጨው ያለው ውኃ ቀምሼ አላውቅም።"

"ደሴት ላይ ነው ያደግሽው ተብሎ የለም?"

"ደቅ ነው ያደግኩት። ጣና ሐይቅ ላይ ነው፤ ውኃውን እንጠጣዋለን።"

ካረን ከት ብላ ሳቀች። ከበር ትመልሰኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ማማሰያውን ሰጠችኝ።

ረዳት ሆኜ ጀመርኩ። ረዳት ገንዳ ያጥባል፣ ምግብ ይቆርጣል፣ ይመዝናል፤ እንስሳቱን የሚመግበው ተንከባካቢው ነው። ዓሣ በመቁረጥ ግን ማንም አይደርስብኝም፤ የአጥማጅ ልጅ ነኝ። ዓመት ሳይሞላኝ ተንከባካቢ ሆንኩ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ ብርድ ያደነዘዛት የባሕር ኤሊ ከባሕር ዳርቻ መጣችልን። ከነድንጋይ ልብሷ ከሰፌድ አትበልጥም። ካረን ለእኔ ሰጠችኝና "ካገገመች በፀደይ እንለቃታለን" አለችኝ። እኔ ያደግኩት ዓሣ ከውኃ ሲወጣ እያየሁ ነው። አንድ እንስሳ ወደ ውኃው መመለስን የመሰለ ምኞት አልነበረኝም።

ውኃዋን በየቀኑ ትንሽ በትንሽ አሞቅን። ሐኪሙም መድኃኒቷን ሰጣት። መብላት ግን እንቢ አለች። ምግቧን በረጅሙ መቆንጠጫ ባቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። እንዲህ ሆና ሳምንት አለፈ። በስምንተኛው ቀን ካረን ስብሰባ ላይ ሳለች መቆንጠጫውን አስቀመጥኩ። የዓሣ ሥጋ በሰላጣ ጠቅልዬ በእጄ አፏ ላይ አደረስኩና "በሞቴ" አልኳት።

ጎረሰች። በእኛ አገር አንድ አጉርሶ መተው ነውር ስለሆነ ደገምኳት።

ወደ ቤት ስንመለስ ለጋሽ ኃይሉ ነገርኳቸው።

"ማለቴ፣ ኤሊ ነው ያጎረስሽው?"

"ምን ላድርግ ጋሼ? እርስዎም ቢያዩዋት ያጎርሷት ነበር።"

"ኦኬ። ሶ ካረን ታውቃለች?"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"ራሷ መጥታ ቼክ ሳታደርግ ንገሪያት።"

አልነገርኳትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኤሊዋን በእጄ አጎረስኳት። ኤሊዋ ወፈረች፤ እኔም በደስታ ልወፍር ምንም አልቀረኝም።

አንድ ቀን ካረን ገንዳው ዳር ቆማ እጇን ዘረጋች። ኤሊዋ እየቀዘፈች መጥታ አፏን ከፈተችላት። እኔ ሳቅኩ፤ ካረን አልሳቀችም።

"በእጅሽ ነው የምታበያት?"

"አዎ።"

"ሰው ያጎርሰኛል ብላ ከለመደች ባሕር ላይ ጀልባ ባየች ቁጥር ትጠጋለች። ሞተሩ ይቆርጣታል። እስከ ፀደይ እጅሽን ካልረሳች ዕድሜ ልኳን እዚህ ገንዳ ውስጥ ናት።"

መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። "ያስለመድኳት እኔ ነኝ፤ እኔው ላስረሳት" ብዬ ለመንኳት። ፈቀደችልኝ።

ገንዳውን በጥቁር ፕላስቲክ ከለልነው። ከግርዶሹ ጀርባ ሆኜ ምግቧን በመቆንጠጫ ከውኃው ሥር አሾልክላታለሁ፤ ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ ማዶ። ድምፄን እንዳትሰማም አፌን ዘጋሁ። መጀመሪያ ሰሞን በግርዶሹ ቀዳዳ ሳያት፣ እጄን በለመደችበት ቦታ አንገቷን አስግጋ ትጠብቀኝ ነበር፤ አለቀስኩ። ጋሽ ኃይሉ ፓምፕ ሊያዩ ሲመጡ በሹክሹክታ "ሙሽሪት ዛሬም አትታይም?" እያሉ ያስቁኛል።

ፀደይ ሲገባ ካረን ግርዶሹን አነሳች።

"እጅሽን አስገቢ" አለችኝ።

አስገባሁ። ኤሊዋ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። እጄን አላወጣሁም። ጣቶቼ ዘንድ ስትደርስ ታጠፈችና ገንዳው ወለል ላይ የለቀቅንላትን ሸርጣን ተከተለች። እርጥቡ ወለል ላይ እስክስታ ወረድኩ።

ወደ ባሕሩ ስንሄድ ቫኑን የነዱልን ጋሽ ኃይሉ ናቸው። ኤሊዋ ሳጥን ውስጥ በእርጥብ ፎጣ ተሸፍናለች። ባሕር በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ጨዉ ልክ ነበር። ኤሊዋን አሸዋው ላይ አስቀመጥናት። እየተጎተተች ማዕበሉ ውስጥ ገባች፤ ዘወር ብላም አላየችኝም።

"ሶ፣ ቻው እንኳ የለም?" አሉ ጋሽ ኃይሉ።

"የለም" አልኳቸው። በሥራ ዘመኔ የዚያን ቀን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ዛሬ ረዳቶችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የምሰጣቸው መቆንጠጫውን ነው። የሚለቀቅ እንስሳ በእጅ አይጎርስም።