አጎቴ የመረጡት ክረምት

አጎቴን ቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከቀበርናቸው ወዲህ «ምርጫው ቢሰጥሽ በየትኛው ዘመን፣ የት ትኖሪ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። እሳቸው ደጃፋቸው ተቀምጠው መንገደኛውን ሁሉ እንዲህ ይጠይቁ ነበር። የራሳቸው ምርጫ እዚሁ ፎገራ ነው፤ ሩዝ ሳይመጣ፣ ሜዳው ሁሉ ሣር ሳለ፣ ጥማድ በሬ የገዙበት ክረምት። ያን ጊዜ ውኃው ሜዳውን ሲሞላው ሰዉ በታንኳ ይጠያየቅ ነበር።

«ወባውስ፣ አንቱ?» ትላቸዋለች ሚስታቸው።

«እሱን ላንቺ ትቼልሽ እሄዳለሁ» ይሏታል።

ብቻቸውን መሄድ ግን አይወዱም። አንድ ቀን «አንቺስ አብረሽኝ ትመጫለሽ?» አሉኝ።

«አልመጣም፣ አጎቴ። ያ ክረምት እኔ በልጅነቴ ለሐሙሲት ሰው የተዳርሁበት ነው። እናቴን እያልሁ ሳለቅስ ነው የከረምሁት» አልኋቸው።

 የደመናው ጥላ ውኃው ላይ ሲሄድ እያዩ ቆዩና፣ «እንግዲያ አንድ ዓመት ወደ ኋላ እንመለሳለን። አንቺም እናትሽ ቤት ነሽ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃቸው ሁሉ ያንኑ አንድ ዓመት የሚቀድመውን ክረምት ነበር የሚናገሩት።

ያ ክረምት ውኃው የቀድሞ በሬዎቻቸውን የወሰደበት መሆኑን ሚስታቸው የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው።

ዘንድሮም ሜዳው ውኃ ሞልቶታል። ብቻዬን ደጃፋቸው እቀመጥና፣ እመጣለሁ አጎቴ፣ እላለሁ፤ በሬም ባይኖር በዶማ እየቆፈርን እንኖራለን።