ኮምፒውተሩ አላውቅዎትም ያላቸው እትዬ

የመሥሪያ ቤቱ የጥንቱ ፕሪንተር ጩኸት፣ ጥሬ እንደሚፈጭ ወፍጮ፣ ዛሬም ከኮምፒውተር ባለሙያው ጆሮ አልጠፋም። ገና ጀማሪ ሳለ በፕሪንተሩ ውስጥ የተጣበቀ ወረቀት ሳይቀደድ ማውጣትን ያስተማሩት የመዝገብ ቤቷ እትዬ ነበሩ። «ማሽን ሲያስቸግርህ አጥፍተህ አብራው፤ ሰው ሲያስቸግርህ ግን ቻለው» ይሉት ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ከአስተዳደር ትእዛዝ ደረሰው። እትዬ ከሥራ ሊሰናበቱ ነውና፣ ሳይነገራቸው በፊት የኮምፒውተር መግቢያቸውን እንዲዘጋ። ሳይወድ ዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ክፍሉ ገቡ።

«አንተ የማሽን ወጌሻ፣ ኮምፒውተሬ አላውቅሽም አለኝ! አጥፍቼ ባበራው እንደ ግትር በቅሎ እምቢ አለ።»

«እትዬ፣ እስቲ ይቀመጡ።»

«ምን ያስቀምጠኛል? ሥራ ጥዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

«ሲስተሙ ተበላሽቶ ነው» ሊል ቃጣው፤ ዓይናቸውን እያየ መዋሸት ግን አቃተው።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ከአስተዳደር ታዝዤ ነው።»

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ።

«ከእኔ በፊት አንተ አወቅህ በለኛ» አሉ።

እትዬ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉት ወጡ።