ፀሐይ የምታጎድለው ክብደት

አባቴ አርጆ ውስጥ ቡና ነጋዴ ነበሩ። እሸቱን ከገበሬ ገዝተው ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ላይ ያደርቁታል፣ ከዚያ መዝነው ነቀምት ያስረክባሉ። እኔ በጃንሆይ ጊዜ ነቀምት አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ሚዛኑን የሚጠብቅላቸው ሰው አጡና ትምህርቱን ሊያስተዉኝ አሰቡ።

«የወላጆች ቀን መጥቼ ልስማሽ፤ ከዚያ እንወስናለን» አሉኝ።

ሳይንስ የሚያስተምረን ከአዲስ አበባ ለአገልግሎት ዓመት የተላከ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ለዚያ ቀን ፀሐይ ሙቀቷን ከየት እንደምታገኝ እንድናገር መረጠኝ። አባቴ አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል እንደሆነ ነገርኩት።

«በኦሮምኛ ንገሪያቸው» አለኝ።

«ክፍል ውስጥ? ይቀጡኛል እኮ!»

«እኔ ኦሮምኛ አላውቅም። በማላውቀው ነገር ማንን እከሳለሁ?»

ቀኑ ደረሰ። ሁለት ማግኔት ይዤ ወላጆች ፊት ቆምኩ። አንድ ዓይነት ጫፋቸውን ሳቀራርብ ተገፋፉ። ሃይድሮጅን የሚባለው ከሁሉ የቀለለው ነገር እምብርቱ እንዲሁ የራሱን ቢጤ እንደሚገፋ በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ፀሐይ ውስጥ ግን ሙቀቱና ጭነቱ እጅግ ብዙ ነው፤ እየተገፋፉም ቢሆን ይጋጠማሉ። አራት የሃይድሮጅን እምብርት ተዋህደው ሂሊየም የሚባል አንድ ሌላ እምብርት ይሆናሉ። ያ አንዱ ሲመዘን ግን ከአራቱ ድምር ጥቂት ይቀላል።

አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ቆይ፣ ልጄ። አራት ፈረሱላ አግብተሽ ያነሰ ካወጣሽ ጉድለት ነው። እኔ ቤት ቢሆን ዘበኛው ይጠየቃል!»

ወላጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ማግኔቶቹን አስቀምጬ መለስኩላቸው።

«እርስዎም ቡና ሲደርቅ ይቀልልዎታል፣ አባባ።»

«የእኔማ ውኃው ነው የሄደው። የፀሐይዋስ የት ሄደ?»

«ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ወጣ። የእርስዎን ቡና የሚያደርቀው እሱ ነው።»

አባቴ በመስኮቱ ፀሐይዋን አዩ። ከዚያ እንደ ነጋዴ ጠየቁኝ፤ «ሰው ይህን እሳት እዚህ ማንደድ ይችላል?»

አስተማሪው የነገረንን ደገምኩላቸው። በአንድ ጊዜ የሚፈነዳ ቦምብ አድርገውታል። ቀስ እያለ የሚነድ፣ ለመብራትና ለፋብሪካ የሚሆን ግን ገና አላገኙም። ያን ሙቀት የሚችል ዕቃ ስለሌለ ግድግዳ ሳይነካ በማግኔት ኃይል አየር ላይ ሊይዙት እየሞከሩ ነው። ማገዶው ሃይድሮጅን ነው፤ እሱም ውኃ ውስጥ አለ።

«ዴዴሳ ውስጥም?»

«ዴዴሳ ውስጥም።»

«ከወንዝ እሳት! ታዲያ መቼ ያገኙታል?»

መልሱን አላውቅም ነበር። አስተማሪውን በአማርኛ ጠየቅኩት፤ እሱም አላውቅም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«አናውቅም፣ አባባ። ትምህርቱ ገና አላለቀም።»

አባቴ ተቀመጡ። ትምህርት ሲዘጋ ለክረምት ወደ አርጆ ወሰዱኝ። አርጆ ከፍታው ላይ ቆመው የዴዴሳን ሸለቆ ቁልቁል አዩና፣

«ትምህርቱ አላለቀም ብለሽኛል» አሉ፤ «ታዲያ አንቺን ምን ቤት ያስቀምጥሻል?»

በመስከረም ሚዛኑን ለአጎቴ ልጅ ሰጥተው ራሳቸው ነቀምት አደረሱኝ። ትምህርቴን ጨረስኩ። አስተማሪው ግን ዓመቱ ሲያበቃ ሄዷል፤ ላመሰግነው አልቻልኩም። ለአባቴም ቢሆን በቃል ያልኩት ጥቂት ነው።

አሁንም ሬዲዮ ስከፍት ያ እሳት አልተያዘም፤ እየሞከሩ ነው ይባላል። ትምህርቱ ገና እንዳላለቀ ስሰማ ደስ ይለኛል። አባቴ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ቡናው ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ሰማዩ ሲደምን ቀና ብለው፣ «ያ የፀሐይዋ ጉድለት ዛሬ አልደረሰንም» ይሉ ነበር።