ቀይዋ ጨረቃ የዘገየችበት ቤት

ልብስ አጣቢዋ ሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ውላ ስትመጣ እጇ እስከ ክርኗ ተጨማዶ፣ ልብሷ በረኪና በረኪና እየሸተተ ነው። እንዲያም ሆና ደረጃውን ስትወጣ የምታስበው ስለ እግሯ ሕመም አይደለም፤ ስለ ቀይዋ ጨረቃ ነው። አበደች እንዳትሉ፤ ቆዩ፣ ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነበር፤ አብረውት የሚሠሩት ሁሉ አለቃ ይሉታል። ከመወጣጫው ላይ ወደቀ፣ ወገቡ ተሰበረ፣ አልጋ ላይ ቀረ። የመጀመሪያ ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማንንም አላናግር አለ። ያጎረሰችውን ይተፋባታል። እሷም ወጥ ቤት ትገባና እንዳይሰማት ቧንቧውን ከፍታ ታለቅሳለች። ጨዋታው የመጣው እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው።

ጨዋታው ዳማ አይደለም፣ ካርታም አይደለም፤ የወሬ ጨዋታ ነው። ወንድምየው የሌለ አገር ፈጠረ። ባሕር አለው፣ በግንብ የታጠረ ከተማ አለው፣ ሁለት ጨረቃ አለው። ጓደኞቹ ደግሞ እዚያ አገር የሚኖር ሰው ይሆናሉ። ሚስቱ ፊት ትንፍሽ የማይለው ቀጭኑ ኤሌክትሪሺያን እዚያ ሲገባ ግንብ የሚዘል ሌባ ነው። ፋርማሲስቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት መሸጡ ያልበቃት ይመስል እዚያም ቅጠል ቀማሚ ናት። "ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል ወንድምየው። ይማከራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ዳይስ ይወረውራሉ፤ በወጣው ቁጥር የሆነው ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ገበያ ነው።

እህቲቱ አትጫወትም። የሷ ሥራ የዚያን አገር ቀን መጠበቅ ነው። ከአልጋው ራስጌ በላይ ገመድ ወጥራ ቋጥራዋለች፤ አንዱ ቋጠሮ አንድ ቀን። ነጩ የልብስ መቆንጠጫ ትልቋ ጨረቃ ነው፣ ቀዩ ትንሿ። ወንድሟ "እትዬ፣ ነጋ" ሲላት ተነስታ ትገፋቸዋለች። ትልቋ ዝግ ትላለች፤ ትንሿ ከኋላ ሆና እየዘለለች ትከተላታለች። የደረሰችባት ለት ባሕሩ ግንቡን አልፎ ይመጣል፣ ከተማይቱ ወይ ትድናለች ወይ ትሰጥማለች፣ ጨዋታውም ያበቃል። ይህን ወንድምየው ገና ሲጀምሩ ተናግሯል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ እንግዶቹን ሸኝታ በሩን ልትዘጋ ስትል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ደረጃው ላይ ለፋርማሲስቷ ሲያወራ ሰማችው።

"ይሄ ነገር እስኪያልቅ ነው እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ቅዳሜዬን ለልጆቼ ነው የምሰጠው። ደከመኝ።"

"እኔስ ብትል" አለች ፋርማሲስቷ።

ክፉ ሆነው አይደለም። ሰው ይደክመዋል። አጣቢዋ ግን የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። ወንድሟ ፊቱን ያዞረበት ያ ግድግዳ ነው ድቅን ያለባት።

ከዚያ ወዲህ አልጋውን ስታነጥፍ፣ አቧራ ስታራግፍ፣ ቀዩን መቆንጠጫ እንደ ዋዛ ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት ሆነ ሥራዋ። ማን ያያታል? ወንድሟ ተንጋሎ ነው የሚውለው፣ ገመዱ ደግሞ ከራሱ በላይ ነው። ቀይዋ ጨረቃ ደረሰች ደረሰች ስትባል ትቀራለች።

"ይቺ ጨረቃ እንደኛ ሰፈር ውሃ ናት፣ መጣች ሲሏት ትጠፋለች" እያለች ፋርማሲስቷ ትስቃለች።

ኤሌክትሪሺያኑ ግን አልሳቀም። አንድ ቀን ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና፣ "አለቃ፣ ሆን ብለህ ነው" አለ።

"ምኑን?"

"እያጓተትከን ነዋ! ይቀሩብኛል ብለህ ፈርተህ ከሆነ አፍ አውጥተህ ተናገር። አታሞኘን።"

የወንድምየው ፊት አመድ መሰለ። "እኔ? እዚህ አገር ላይ አንድ ቀን ዋሽቼ አውቃለሁ? ዳይሱ ግደል ያለኝን ገድያለሁ፤ ፈረስህን እንኳ እንባህ እየመጣ ነው የገደልኩብህ። ጨረቃዋን የምትጠብቃት ደግሞ እትዬ ናት። እሷ ትዋሻለች ልትለኝ ነው?"

እሷ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዝም ብትል ያልፍ ነበር፤ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ግን ወንድሟ ውሸታም ተብሎ፣ ተናዶ እንኳ ተነስቶ መውጣት አይችልም።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምን?"

"ቀይዋን ወደ ኋላ የምመልሳት እኔ ነኝ። አቧራ ስጠርግ።"

"እትዬ! አንቺ?" አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

"አንተ ዝም በል! ደረጃ ላይ የሚወራ ቤት ድረስ ይሰማል።"

ገባው። አንገቱን ደፋ።

"ወደ ቦታዋ መልሻት" አለ ወንድምየው።

"የት እንደነበረች ጠፍቶብኛል።"

ባሕሩም ከተማውም፣ ያ ሁሉ አገር፣ ጨረቃዎቹ የሚገናኙበትን ቀን የሚነግረው ሰው አጣ።

"እንግዲያው ዛሬ ነው። አገናኚያቸው።"

"ወንድምዬ፣ እባክህ..."

"ቀኑን የሰጠሁሽ እንድትጠብቂልኝ ነው እንጂ እኔን እንድትጠብቂበት አይደለም። አገናኚያቸው፣ እትዬ።"

ቀዩን መቆንጠጫ ከቦታው ነቅላ ነጩ አጠገብ ሰካችው።

ባሕሩ መጣ። ቅጠል ቀማሚዋ ሕፃናቱን ጣራ ላይ ስታወጣ ውሃው ወሰዳት። ሌባው ማምለጥ ሲችል ደወሉን እየደወለ ሰው ሲቀሰቅስ ቀረ። የከተማው ግማሽ ዳነ። ወንድምየው ተርኮ ሲጨርስ ድምፁ ሻክሯል። ኤሌክትሪሺያኑ ሲወጣ የወንድምየውን ትከሻ ጨበጥ አደረገ እንጂ፣ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ያነሳ ሰው የለም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም አልመጣም። አጣቢዋ ወለሉን ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። የጎረቤት በር በተንኳኳ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። ወንድሟ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም። ያንን እየተመላለሰች አይታለች።

"ቁጭ በይ እስቲ" አላት።

"ሥራ አለብኝ።"

"ወለሉን ልትበሺው ነው? ቁጭ በይ። እዚያ አገር ብትኖሪ ምን ትሆኛለሽ?"

"እኔማ አጣቢ ነኝ።"

"አጣቢ የለም እዚያ። ንግሥት ሁኚ፣ ጠንቋይ ሁኚ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ሲዋጋ የከረመ ሰው በደም የተነከረ ልብሱን ማን ሊያጥብለት ነው? ወንዶች አገር ስትፈጥሩ መቼም!"

ወገቡን እስኪያመው ሳቀ። ዳይሱን ከትራሱ ሥር አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ባሕሩ ሸሽቷል። ቤቱ ሁሉ ጭቃ ነው፣ ኮሽ የሚል የለም። ምን ታደርጊያለሽ?"

አጣቢዋ አሰበች፤ ቀልድ አልነበረም ለሷ።

"መጀመሪያ" አለች፣ "የቀረ ሰው ካለ ብዬ እጣራለሁ።"