ለጥርሱ ስም ስናወጣለት

በ1971 ዓ.ም. ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ሥራው በላይ በላዩ ነው፤ አንድ ክፍል ሰባ ተማሪ፣ ከሰዓት የውይይት ክበብ፣ ቅዳሜ ስብሰባ። ይህ አልበቃ ብሎ የግድግዳ ጋዜጣው የሳይንስ ዓምድ እኔ ላይ ተጣለ።

መቼም ዓመቱ ለዚያ ዓምድ ሲሳይ ነበር። አፋር ለተገኘችው ድንቅነሽና ለወገኖቿ ሊቃውንቱ አዲስ የዝርያ ስም ያወጡላቸው ያን ጊዜ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ በጥንት የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ በሁለት እግር የሄዱ ፍጡራን ዱካ ተገኘ ተባለ። አሜሪካ ደግሞ የዳይኖሰር ጫጩቶች ከነጎጇቸው ድንጋይ ሆነው ወጡ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ መጽሔት በላከልኝ ቁጥር ተርጉሜ፣ ሥዕሉን በእጄ ስዬ እለጥፋለሁ። ተማሪዎቹ ይጋፋሉ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ችግሩ የትምህርት ቤቱ ካድሬም ማንበቡ ነው። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቆመኝ።

“ጓድ መምህርት፣ አፋር በስሙ የተጠራ ዝርያ አለው። እኛስ?”

“እኛ ጋ አልተገኘማ።”

“ይፈለጋ!”

ሳይፈለግ ተገኘ። ሐይቁ ዳር የመጋዘን መሠረት የሚቆፍሩ ሠራተኞች ክንድ የሚያህል፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ ጥርስ ከጥቁሩ ጭቃ አወጡ። ካድሬው በጋዜጣ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። እኔም ልቤ ዘለለ። ሆኖም፣ “የምን እንደሆነ አላውቅም፤ አዲስ አበባ ወደ ሙዚየም ይላክ” አልሁት።

“አዲስ ዝርያ መሆኑን ታረጋግጫለሽ?”

“አላረጋግጥም።”

“አለመሆኑንስ?”

“እሱንም አላረጋግጥም።”

“እንግዲያው አዲስ ነው ማለት ይቻላል” ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ቅዳሜ መምህራን በሙሉ ስም ለማውጣት ተሰበሰብን። ሦስት ሰዓት ሙሉ! አንዱ “ጣና ይግባበት” ይላል፣ ሌላው “ዓባይ”፣ ሦስተኛው “አብዮት ካልገባበት አልስማማም” ይላል። የአማርኛ መምህራችን ደቅ ደሴት ተወልደው ቅኔ የተቀኙ መሪጌታ ነበሩ። እጃቸውን አወጡ።

“አዳም ለእንስሳት ስም ያወጣው ፊቱ ከቀረቡ በኋላ ነው። እኛ ያየነው ጥርስ ብቻ ነው።”

ሁላችንም ሳቃችንን ዋጥን። ካድሬውን ግን ነገሩ አላሳቀውም። “ጓድ፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን አይደለም” አላቸው። በድምፅ ብልጫ “ጣና አብዮት” ጸደቀ፤ እስከ ሰኞ በቀይ ቀለም ጽፌ እንድለጥፍ ታዘዝሁ። ጻፍሁ። ከዚያ ባነሰ ነገር ሰው የሚጠፋበት ጊዜ ነበርና ፈራሁ።

ለሙዚየሙ የጻፍሁት ደብዳቤ ደግሞ ማኅተም ያስፈልገዋል ተባለ። ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ዘመቻ ሄዷል። ሁለት ወር ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተመላለስሁ። በሁለተኛው ወር ጸሐፊዋ ገና በሩ ላይ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቅ ጀመር።

አንድ ጠዋት ለትምህርት ማሳያ የሚሆን ደንገል ፍለጋ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። አንድ የነገደ ወይጦ አዛውንት ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ። ከደብተሬ መሀል የጥርሱ ሥዕል ወደቀና አነሡልኝ።

“የጉማሬ ክራንቻ ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ?”

“እርግጠኛ ነዎት?”

ሳቁ። “አባቴ በጦር ያድነው ነበር። የታችኛው ክራንቻ ነው። ጫፉ እንዲህ በሰያፍ የተሞረደው ከላይኛው ጋር ሲፋተግ ነው።”

ያንን ሰያፍ እኔው በእጄ ስዬዋለሁ፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። የባዮሎጂ መምህርት! ፊቴ ጋለ።

“ሲቆፈር አላዩትም ነበር?”

“አይቼዋለሁ እንጂ። እዚያው ነበርሁ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?”

“ማን ጠየቀኝ? ጠጋ ብል፣ ዞር በል አሉኝ።”

ከተማው ነገደ ወይጦዎችን ጉማሬ በሊታ እያለ ይጸየፋቸው ነበር። እኔም ስድስት ዓመት እዚያ ስኖር ከእነሱ ከአንዳቸው ጋር ሰላምታ ተለዋውጬ አላውቅም።

ለካድሬው ስነግረው፣ “ሪፖርቱ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዷል” አለኝ።

“ጉማሬ ነው እኮ!”

“ማን አለ?”

“ታንኳ የሚሠሩ አዛውንት።”

“የምስክር ወረቀት አላቸው?”

እንዳልጮህበት ትቼው ወጣሁ። በማግስቱ አዛውንቱን ለምኜ ክፍሌ አመጣኋቸው። ከአባታቸው የቀረ አንድ ክራንቻ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ከጭቃው የወጣው በቀለም ብቻ ጠቆር ይል እንደሆነ እንጂ መንትያው ነው። ያ ሁሌ የሚንጫጫ ክፍል ሊያይ አንገቱን አሰገገ። ጉማሬ መንጋጋውን እንዴት እንደሚከፍት፣ ግልገሉን እንዴት እንደሚጠብቅ በእጃቸው እያሳዩ ነገሯቸው። አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ “እንግዲያው ግድግዳው ላይ ያለው ውሸት ነው?” አለች።

“ስህተት ነው። የጻፍሁትም እኔ ነኝ” አልሁ። በእረፍት ሰዓት ወረቀቱን ቀደድሁት።

ከሰዓት ርእሰ መምህሩ ጠሩኝ። ስለ ስሙ አንድ ቃል አልተናገሩም። የውጭ ሰው ያለ ፈቃድ ክፍል በማስገባቴ መልስ በጽሑፍ እንድሰጥ አዘዙኝ። ሦስት ገጽ ጻፍሁ፣ በዛ ተባለ፤ አንድ ገጽ አደረግሁት፣ አነሰ ተባለ። በመጨረሻ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። እሱ ማኅተም አላጣም።

በሳምንቱ አዛውንቱ ራሳቸው ትምህርት ቤት መጥተው ዘበኛው ከበር እንደመለሳቸው ሰማሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ሐይቁ ዳር ሄድሁ። የደንገል እስር ጠጋ አድርገው አስቀመጡኝ።

“ልጆቹ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር፤ ለዚያ ነው የመጣሁ” አሉ።

በሚቀጥለው የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ሰባውንም ተማሪ አስከትዬ ወደ እሳቸው ወረድሁ። ፈቃድ አልጠየቅሁም።