ለሞተ ውሻ ያስረዘምኩት ገመድ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በዕድሜዬ ሦስት የነፍስ አባት ቀይሬያለሁ፤ ሁለቱን ቀብሬያቸዋለሁ። ለሦስቱም ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ባሌን መራገሜን ሳልሸሽግ ተናዝዣለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ለእናንተ መጻፉ የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል።

ነገሩ የውሻ ነው። «በውሻ ምክንያት ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔም ለራሴ ይህንኑ እያልኩ ነው ስተኛ የኖርኩት።

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ከመተማ ወዲህ ሽንፋ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ነበርኩ። ልጅ እግር ሚስት ነኝ፤ ባሌ ዱር ገብቷል፤ ልጅ የለኝም። ጎጆዬ ያለችው አያ ፈንቴ በሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነው፤ የምበላውን ማሽላ የሚሰፍሩልኝም እሳቸው ነበሩ። አንድ ልጃቸው ዘምቶ አልተመለሰም። ከልጃቸው የቀራቸው ውሻው ብቻ ነው፤ መከታ ይባላል፤ ደረቱ ሰፊ፣ ቀይ ውሻ። ሽማግሌው ሲመሽ ዓይናቸው ስለማያይ መከታ እየቀደመ ከደጅ ቤት ያስገባቸው ነበር።

በግቢው ውስጥ ሌላም ሰው ነበር፤ ታምሬ። ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ መጤ ነው። ወባ ጥሎት አያ ፈንቴ አስታመሙት፤ ሲድን በዚያው ቀረ። ቀን ቀን ጣሊያኖች በሚያሠሩት መንገድ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል፤ ማታ ከሽማግሌው ጋር ከአንድ መሶብ ይበላል። «ለመጪው ክረምት ከማሳዬ ከፍዬ እሰጥሃለሁ» ብለውት ነበር። ዘመድ የሌለው ሰው ነው፤ በዚያ አገር የነበረው ነገር ቢኖር ሽማግሌው በእሱ ላይ ያላቸው እምነት ብቻ ነበር።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አያ ፈንቴ ለልጃቸው ተዝካር ወደ ደጋ ሊወጡ ተነሡ። የሚያዝያ ቆላ እንዴት እንደሚያቃጥል ለማያውቅ መንገር ይከብዳል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መሬቱ እግር አያስረግጥም። መከታን ይዘው መሄድ አልቻሉም። መተማ ያሉት ወታደሮች በዚያ ሰሞን አንድ ያበደ ውሻ ነክሷቸው ኖሮ፣ ያልታሰረ ውሻ ባዩበት እንዲተኩሱ ታዘዋል ተብሎ ነበር። ስለዚህ ውሻውንም ድመታቸውንም ለስምንት ቀን ለእኔ አደራ ሰጡኝ።

አደራውን እንደ ትምህርት ነው ያስተማሩኝ። ረጅም የቃጫ ገመድ ገምደው በግቢው ባለው የቁርቁራ ዛፍ ግንድ ላይ ላላ አድርገው አዙረውታል። «ጥላው ሲዞር ውሻውም አብሮ ይዞራል» አሉኝ። የተሰበረ ገንቦ ታችኛውን ክፍል ከዛፉ ሥር እስከ አፉ ቀብረውታል፤ ውሃው እንዳይደፋና እንዳይሞቅ። «ጠዋትና ቀትር ሙይው። ቀትር ላይ የሚተኛበትን አፈር በውሃ አርሺለት። ለድመቷ አታስቢ፤ በር ብቻ አትዝጊባት፤ ቀዝቃዛውን ራሷ ታገኘዋለች።»

አራት ቀን እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ሰነፍ አልነበርኩም፤ ይህን ስል ራሴን ለማዳን አይደለም። ስንፍና ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ማታ ሊጥ አቡክቼ ደጅ ላይ ባስቀምጥ መከታን ያ ረጅም ገመድ አደረሰውና አፉን ከቡኾው ውስጥ ከተተ። ውሻ የነካውን ማን ይበላል? የሦስት ቀን እህሌን ደፋሁ፤ ቡኾ ዕቃውንም ጣልኩት። ተናደድኩ። የተናደድኩት በውሻው ብቻ አልነበረም። ትቶኝ በሄደው ባሌ፣ በሰው እጅ በሚሰፈር ማሽላ፣ ለውሻቸው ይህን ያህል ተጨንቀው እኔን «እንዴት ትሆኛለሽ?» ባላሉኝ ሽማግሌ ተናደድኩ። ሌሊቱን ከንዴቴ ጋር አደርኩ፤ ጠዋትም አልበረደልኝም።

ጠዋት እንደ ልማዴ ገንቦውን በውሃ ሞላሁ። ከዚያ መከታን ከዛፉ ፈትቼ ከጎጆዬ ኋላ ወሰድኩትና ከአንድ ካስማ ጋር በቆዳ ጠፍር አሰርኩት። ጠፍሩን አርጥቤ ነው የቋጠርኩት፤ እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚጠብቅ የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። ርዝመቱ ክንድ አይሞላም። ጠዋት ያ ቦታ የጎጆው ጥላ ያርፍበታል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን ምንም የለውም። ገንቦው ከዚያ አሥር እርምጃ ይርቃል። ገመዱን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ሊደፋብኝ የሚችል ነገር ከጎጆው ኋላ አልነበረም፤ በረጅሙ ባስረው ምን ይጎዳኝ ነበር?

ልብስ ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ሽንፋ በዚያ ወር ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ይሆናል። አጥቤ ጨረስኩ፤ ልብሱ በአንድ አፍታ ደረቀ። ከዚያ ሴቶቹ ሲሄዱ እኔ ዛፍ ካጠላው ኩሬ ውስጥ እስከ ደረቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ቀትር ሲሆን ውሻው ትዝ አለኝ። አልረሳሁትም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ትዝ አለኝና «ትንሽ ይቅመስ» አልኩ። እኔ ውሃ ውስጥ ሆኜ፣ እሱን ትንሽ ይቅመስ አልኩ። ትንሽ ማለት ለእኔ እስኪበርደኝ ድረስ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስመለስ መከታ ሞቷል። አንገቱ በጠፍሩ ተወጥሮ ወደ ገንቦው አቅጣጫ ተዘርግቷል። አፉ አረፋ ደፍቋል። በእጄ ስነካው ጠጉሩ ያቃጥላል። ጎጆዬ ስገባ ድመቷ ከእንስራው ሥር፣ ውሃው በሚያንጠባጥብበት እርጥብ አፈር ላይ ሆዷን ለጥፋ ተኝታለች።

ከሬሳው አጠገብ ቅል ነበር። አወቅሁት፤ የታምሬ የመጠጫ ቅል ነው፤ አንገቱ ላይ በጋለ ብረት መስቀል አስቀርጾበታል። በምሳ ሰዓት ብቅ ብሎ አይቶታል ማለት ነው። ከራሱ መጠጫ አጠጥቶት፣ የተረፈውን እንዲልሰው ትቶለት ወደ ሥራው ተመልሷል። ጠፍሩ ላይ የጥርስ ምልክት አየሁ፤ የውሻ አልነበረም። ጣሊያኖቹ መንገድ ሠራተኞቹን ቢላዋ እንዳይዙ ከልክለዋቸው ስለነበር በጥርሱ ነው የታገለው።

ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ባለቅስ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አላለቀስኩም። ማጭድ አምጥቼ ጠፍሩን ቆረጥኩና እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ውሻውን ጎትቼ ቁርቁራው ሥር አስተኛሁት። ረጅሙን ገመድ በሞተው አንገት ላይ አሰርኩለት፤ ላላ አድርጌ፣ ልክ እንደ ተማርኩት። አፈሩን አረሰረስኩ። ከዚያ ተመልሼ ቅሉን አመጣሁና ከአፉ አጠገብ አስቀመጥኩት። ቅሉን ለምን አመጣሁት? ለብዙ ዓመት «እንጃ» እል ነበር። አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።

አያ ፈንቴ በስምንተኛው ቀን ተመለሱ። ውሻውን ከጎረቤት ጋር ቀብረነው ነበር። ምንም አላልኳቸውም፤ «ጥላ ሥር ሳለ ሞቶ አገኘሁት፤ አረፋ ደፍቋል፤ ይህ ቅል አጠገቡ ነበር» ብቻ አልኳቸው። ቅሉን እጃቸው ላይ አኖርኩት። መርዝ የሚለውን ቃል እኔ አላወጣሁትም፤ ጎረቤት አወጣልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ተሰበሰበ። ቄሱ ተነሥተው «ያየ ይናገር፤ አይቶ የሸሸገ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን» ብለው ገዘቱ። ታምሬ ሳይጠሩት ቆመ።

«ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ከጎጆዋ ኋላ በፀሐይ ላይ ታስሮ አገኘሁት። በአጭር ጠፍር ነው። ልፈታው ብል ቋጠሮው እምቢ አለኝ። የሥራው ፊሽካ ተነፋና ሄድኩ።»

«በምን አጠጣኸው?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«በቅሌ። ሌላ ዕቃ አልነበረኝም።»

ሰው ጉምጉም አለ። እኔን ያዳነኝ ያ ጉምጉምታ ነው። በእኛ ዘንድ ውሻ አፉን ያስገባበትን ዕቃ ሰው አይነካውም። ክርስቲያን፣ ያውም መስቀል ባለበት መጠጫው፣ ለውሻ ያጠጣል ብሎ ማን ይመን? ቅሉን ሊጥለው ካልቆረጠ በቀር፤ ሊጥለው የቆረጠ ደግሞ ሌላ ነገር ቀላቅሎበታል። እንዲህ ብለው አሰቡ። ከመካከላችን የውሻውን ጥም ከቅሉ ያስበለጠ ሰው እሱ ብቻ ስለነበር፣ የደግነቱ ማስረጃ የወንጀሉ ማስረጃ ሆነ። ይህን ሁሉ ቆሜ እያየሁ ነበር።

አያ ፈንቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ በጠፍር አስረሽው ነበር?»

«ጠፍር የለኝም፤ እርስዎ ባሰሩበት ገመድ ነበር የታሰረ» አልኩ። «ከጥላው አላወጣሁትም።»

«በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትምያለሽ?»

ማልኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ማልኩ። ታምሬ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ ገርሞት ነው ያየኝ። «እታለም፣ ምነው?» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሽማግሌው ወደ ታምሬ ዞሩ። ከዚያ «ከቤቴ ውጣ» አሉት። ልጃቸውን ጦርነት ወሰደባቸው፤ ሁለተኛውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ታምሬ ያንኑ ቀን፣ በዚያ ሐሩር፣ በእግሩ ወደ ገላባት አቀና። ውሃ መያዣ አልነበረውም፤ ቅሉን ማንም አልመለሰለትም፤ እሱም አልጠየቀም። ሱዳን ይድረስ መንገድ ላይ ይቅር የሰማ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ይነግሩኛል ብዬ።

በሸንጎው ቀን ፈርቼ ነው እላችሁ ይሆናል፤ እውነትም ፈርቻለሁ። ሽማግሌው ቢያስወጡኝ መግቢያ የለኝም፤ ማሽላ የሚሰፍርልኝ የለም። በዚህ ብቻ ብታቆሙልኝ ምናልባት አንዳችሁ ታዝኑልኝ ነበር። ግን አላበቃም።

አያ ፈንቴ የሞቱት ጣሊያን በወጣበት ዓመት ነው። ባሌ ከዱር ተመልሷል፤ የራሳችን ማሳና የራሳችን ቤት አለን። ሽማግሌው ቀንም ማየት ተስኗቸው አልጋ ላይ ውለዋል፤ የማስታምማቸው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ «ከልጅ በለጠች» ይለኛል፤ እኔም ሲሉኝ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት እጄን ያዙና ጠላቶቻቸውን በየስማቸው ማሩ፤ ድንበር የገፋባቸውን፣ በሬ የሰረቃቸውን፣ ልጃቸውን የገደለውን የማያውቁትን ወታደር ጭምር።

«ታምሬን ግን አልምረውም» አሉ። «ቤቴን ከፍቼለት ነው። በሰው አገር ይቅር፤ የሚቀብረው አያግኝ። አሜን በይ፣ ልጄ።»

ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከእንግዲህ ሊያስወጡኝ አይችሉም፤ እህል አይሰፍሩልኝም፤ ብነግራቸው ከእሳቸው ሌላ የሚሰማኝ የለም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ታምሬን ከእርግማኑ ታወጣው፣ እሳቸውንም በሐሰት ከመርገም ታድናቸው ነበር። ዝም ስል እጄን ጨበጥ አድርገው ጠበቁኝ። ለምን አልተናገርኩም? ያ የመጨረሻ ፊታቸው ለእኔ ደግ ሆኖ እንዲቀር ፈለግሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር የሚለኝ ሰው እናንተ አይደላችሁም። የምነግራችሁ ያደረግሁትን ነው። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብዬ፣ በደንብ እንዲሰሙኝ፣ አሜን አልኩ።