ያልመረቅኋቸው መንገደኛ

አያቴ ቦርሳቸውን አዝለው ከደሴ ይነሱና ብቻቸውን ተራራ ለተራራ ሳምንት ሙሉ ይጓዙ ነበር። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው «ነይ መርቂኝ» ይሉኛል። ሽማግሌ ይመርቃል እንጂ ልጅ ሽማግሌን ይመርቃል እንዴ? እያፈርኩ «አላህ በሰላም ይመልስዎት» እላለሁ። «አሚን» ሳይሉ እግራቸውን አያነሱም።

የመጨረሻው ቀን የኮምቦልቻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ፣ «አባባ፣ ሲመለሱ እመርቅዎታለሁ» ብዬ አልፌያቸው ሮጥኩ። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። በአምስተኛው ቀን ገበሬዎች ከገደል ሥር አግኝተው አስከሬናቸውን በቃሬዛ አመጡልን።

ሰዉ «የአላህ ቀደር ነው» ይለኛል። ይሁን። እኔ ግን አሁን ሚኒባሱ ቢያመልጠኝም ግድ የለኝም። ጠዋት ጠዋት እዚያው በር ላይ ቆሜ «አላህ በሰላም ይመልስዎት» እላለሁ።

አሚን የሚለኝ የለም።